ግጥም፣ ዜማና ቀረጻ በቤት ውስጥ

(አራት ኪሎ አካባቢ ለተሰበሰቡ የሙዚቃ ወዳጆች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

ክቡራትና ክቡራን፣ ቀኑን ሙሉ ሥራ ውላችሁ፣ የታክሲውንም ሰልፍ ታግሣችሁ በዚህ ምሽት ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ ሙዚቃን መተዳደሪያቸው ሳያደርጉ በየቤታቸው ግጥም የሚጽፉ፣ ዜማ የሚያወጡና የሚቀርጹ ሰዎችን የሚመለከት ነው። ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ ባሉት ቤቶች ውስጥ ቀን ባንክ ወይም ትምህርት ቤት ውለው ማታ ክራራቸውን ወይም ኪቦርዳቸውን የሚያነሡ ብዙዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ። ስለ ዕቃ ዋጋና ስለ ፕሮግራም ምርጫ በስፋት እንድናገር የጠበቃችሁ ብትኖሩ እርሱን ባጭሩ ማለፌን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለዚያ ብቻ ሆኖ ዘፈኑ ራሱ ተረስቶ ይቀራል።

ላስረዳ የምፈልገው ነገር አንድ ነው። ስቱዲዮ በሰዓት ይከፈላል፤ ስለዚህ ወደዚያ የሚገባ ሰው ግጥሙን አስተካክሎ፣ ዜማውን ለምዶ፣ ቅንብሩንም ጨርሶ መግባት አለበት። ቤት ውስጥ ግን ሰዓት የሚቆጥርብን የለም። ያልተጠናቀቀውን ስንኝ ቀርጸን፣ በማግሥቱ ወደ ሥራ ስንሄድ በስልካችን ሰምተን፣ የጎደለውን ለይተን ማታ እንደገና ልንቀርጸው እንችላለን። በዚህ አሠራር ቀረጻው ከድርሰቱ በኋላ የሚመጣ የመጨረሻ ደረጃ መሆኑ ቀርቶ ራሱ የድርሰቱ መሣሪያ ይሆናል። የቤት ቀረጻን የስቱዲዮ ደካማ ምትክ አድርገን የምናይ ከሆነ ይህን ትልቅ ዕድል እናጣዋለን፤ ባለሙያ የሚሠራውን ለመምሰል ስንጣጣር ባለሙያው ጊዜ የማያገኝለትን ሥራ ሳንሠራው እንቀራለን።

ነገሩ የቆመበትን መሠረት ለማየት ወደ ኋላ ትንሽ ልመለስ። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው ሀገር ፍቅር፣ በ1948 ዓ.ም. በሩን የከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ የክብር ዘበኛና የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች የዘመናዊ ሙዚቃችን ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ በእነዚህ ቤቶች አንድ ዘፈን ተደራሲው ጆሮ የሚደርሰው በብዙ ሰዎች እጅ ካለፈ በኋላ ነበር። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የአለማየሁ እሸቴን ሸክላ በማውጣት የግል የሸክላ ንግድን ሲጀምርም ባንዱ በአንድ ክፍል ተሰብስቦ በአንድ ጊዜ ይጫወት ነበር፤ ሸክላውም የሚታተመው በውጭ አገር ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ሰው ብቻውን ቤቱ ቁጭ ብሎ ዘፈን መቅረጽ ይችላል ቢባል ማን ያምን ነበር? ካሴት ከመጣ በኋላ ግን ይህ ሆነ።

ለዚህ የምወደው ማስረጃ ፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሲት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። እማሆይ እ.ኤ.አ. በ2023 በኢየሩሳሌም ካረፉ በኋላ፣ በማግሥቱ ዓመት በአማርኛ ያዜሟቸው መዝሙር መሰል ዘፈኖች ለሕዝብ ቀረቡ፤ እነዚህም በደርግ ዘመን እዚሁ አዲስ አበባ፣ በቤተሰባቸው ቤት፣ ፒያኖ እየተጫወቱ በተራ የካሴት ቴፕ ለራሳቸው የቀረጿቸው ናቸው። ጆሯችሁን ሰጥታችሁ ብታዳምጡ ከመስኮቱ ውጭ የወፎች ድምፅ ይሰማል። ምንም ዓይነት የስቱዲዮ ጥራት የለውም፤ ሆኖም የስደትና የናፍቆት ቃላቸው ከዐርባ ዓመት በኋላ እንኳ ሰሚውን ቀጥ አድርጎ ያቆማል። ሌላው የዋልያስ ባንዱ አንጋፋ ኃይሉ መርጊያ ናቸው። በሰዓት እላፊው ዘመን በአዲስ አበባ ሒልተን ሌሊቱን ሙሉ ሲጫወቱ የኖሩት እኒህ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ በአንዲት ትንሽ ስቱዲዮ አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዶቹንና የከበሮ ማሽኑን ብቻቸውን ደራርበው አንድ ሙሉ ካሴት ሠሩ፤ ያ ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ በመላው ዓለም አዲስ አድማጭ አገኘ። ሁለቱም ከእኔና ከእናንተ እጅግ የሚበልጡ ሙዚቀኞች መሆናቸውን አልዘነጋሁም። የጠቀስኳቸው ግን ብቻን ሆኖ፣ በትንሽ መሣሪያ፣ ጊዜ ወስዶ መሥራት የሚሰጠውን ነጻነት በሥራቸው ስላሳዩ ነው።

አሁን ወደ ግጥሙ ልግባ፤ ብዙ ጊዜ የምወስደውም እዚህ ላይ ነው። ወጣቶች ከሚያሰሙኝ የቤት ቅጂዎች በአብዛኞቹ ላይ የማየው ችግር ቃላቱ በዜማው ላይ አለመቀመጣቸው ነው፤ ይህንንም ማይክሮፎን በመቀየር ማስተካከል አይቻልም። አማርኛ ለዚህ የሚረዱ የታወቁ የግጥም ቤቶች አሉት። የወል ቤት ስንኙን ለሁለት ከፍሎ በየሐረጉ ስድስት ስድስት ምት ይሰጠዋል፤ ሰንጎ መገን አምስት አምስት፣ ቡሄ በሉ ደግሞ አራት አራት ነው። በቅርብ እንድናየው ለዚህ ምሽት ያዘጋጀኋትን አንዲት የወል ቤት ላንብብ፦

እንጦጦ ላይ ሆኖ ሰማይ ሲያስገመግም፣
ቆርቆሮው ሲመታ ልቤ መች ያገግም።

«እንጦጦ ላይ ሆኖ» የሚለውን በፊደል ብትቆጥሩት ስምንት ነው፤ በአፍ ስትሉት ግን እን፣ ጦ፣ ጦ፣ ላይ፣ ሆ፣ ኖ ብሎ በስድስት ያልቃል። «ሰማይ ሲያስገመግም» ደግሞ በፊደል ዐሥር ሆኖ ሳለ በምት ያው ስድስት ነው። ሳድስ ፊደላት አንዳንዴ ራሳቸውን ችለው፣ አንዳንዴ ከፊታቸው ባለው ድምፅ ላይ ተደርበው ስለሚነገሩ፣ ግጥም ለዘፈን ስንጽፍ መቁጠር ያለብን በጆሮ ነው። ለዚህም የቀረጻን ያህል አስተማሪ የለም፤ ስንኙን ያለ ዜማ በንባብ ቀርጻችሁ ምትን እኩል እየቆጠረ ከሚያሰማው ከሜትሮኖም ጋር አብራችሁ ብታዳምጡት የትኛው ቃል እንደሚሮጥና የትኛው እንደሚጎተት ወዲያው ትለያላችሁ። ቤት መድፊያው «ግም» ላይ መሆኑንም ልብ በሉ፤ ዜማው እዚያ ላይ ማረፍ ከቻለ አድማጩ ስንኙ መዘጋቱን ሳይነገረው ያውቃል።

ከምት ቀጥሎ መጥበቅና መላላት አለ። «ገና» ላልቶ ሲነገር ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነገር በዓሉ ነው። በንግግር ማንም አይሳሳትበትም። ዜማ ግን አናባቢውን ስለሚያስረዝም የጠበቀውን ድምፅ በቀላሉ ያላላዋል፤ ዘፋኙ «ገ»ን በረዥም ኖታ ላይ ጎትቶ ወደ «ና» ሲሻገር ጥብቀቱ ይጠፋና ቃሉ ሌላ ይሆናል። መፍትሔው የጠበቀውን ቃል በአጭር ኖታ ላይ ማስቀመጥ ወይም ተነባቢው ላይ ለአፍታ መቆም ነው። የድሮዎቹን ዘፋኞች ቀስ ብላችሁ ብታዳምጡ ይህን ሳያዛንፉ እንደሚያደርጉት ትሰማላችሁ፤ ቃላቸው ጥርት ብሎ የሚሰማበት አንዱ ምሥጢር ይህ ይመስለኛል።

ስለ አዝማች አንድ ነገር ልበል። ለአዝማች የሚሆነው ስንኝ የግድ የግጥሙ እጅግ የረቀቀው ስንኝ አይደለም። ሰምና ወርቅ ያለው፣ ቆም ብሎ ማሰብን የሚጠይቅ ስንኝ አንድ ጊዜ ተሰምቶ ቢያልፍ ይሻላል፤ አዝማቹ በሁለተኛው ዙር ላይ አድማጩ አብሮ ሊለው የሚችል መሆን አለበት።

ግጥሙና ዜማው ሲያዙ ኮምፒዩተሩን እንከፍታለን፤ የመጀመሪያው ትልቅ እንቅፋት የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቹ የቀረጻ ፕሮግራሞች አዲስ ሥራ ሲከፈት 4/4 ምትና በደቂቃ 120 ፍጥነት አዘጋጅተው ይጠብቁናል። ቺክቺካ ግን የሚሄደው በ6/8 ነው፤ በአንዱ ባር፣ ማለትም በአንዱ የምት ዙር ውስጥ ስድስት ስምንተኛዎች አሉ፣ እግር ለሁለት ሲከፍላቸው እጅ ለሦስት ሊከፍላቸው ይችላል፤ ትከሻን የሚያንቀሳቅሰውም ይህ መጋፋት ነው። ፕሮግራሙ የሰጠንን 4/4 ሳንለውጥ ከበሮ መደርደር ከጀመርን ዜማችን ሳናውቀው ተጨፍልቆ ሌላ ነገር ይሆናል። ስለዚህ ማንኛውንም ድምፅ ከመቅረጻችን በፊት ዜማውን እያንጎራጎርን በእጃችን እናጨብጭብ፣ ፍጥነቱን ከዚያ እንውሰድ፣ ከዚያም ፕሮግራሙን እናስተካክል። የወል ቤት ስድስት ምት በ6/8 ላይ ልክክ ብሎ ይገባል፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ምት በእያንዳንዱ ስምንተኛ ላይ ብናሳርፈው እንደ ንባብ ይደርቃል፤ የሐረጉን መጨረሻ ምት አርዝመን፣ የሚቀጥለውን ሐረግ ትንሽ አዘግይተን ስንጀምር ነው ዘፈን የሚሆነው።

ሁለተኛው እንቅፋት ቅኝት፣ ማለትም ዜማው የሚመላለስባቸው የተመረጡ ድምፆች ናቸው። ከቅኝቶቻችን አንዱ የሆነውን አምባሰልን ከዶ ብንጀምር ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል እና ላ ፍላት ናቸው። በብዙ ኪቦርዶችና ፕሮግራሞች ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚገኘውን የዶ ሜጀር ኮርድ (ኮርድ በአንድ ጊዜ አብረው የሚመቱ ድምፆች ናቸው) ከሥሩ ብናስገባ ግን ሚ የሚባል፣ በቅኝቱ ውስጥ የሌለ ድምፅ ይገባና የአምባሰል ጠባይ ይደፈርሳል። በእነዚያ አምስት ድምፆች ውስጥ ሙሉ ሆነው የሚገኙት ባለ ሦስት ድምፅ ሜጀርና ማይነር ኮርዶች ሁለት ብቻ ናቸው፦ የሬ ፍላት ሜጀርና የፋ ማይነር። ከዚያ ያለፈውን በባስ፣ በኦክታቭና በአምስተኛ ድምፅ መያዝ ይቻላል፤ ክራሩም ሲሠራ የኖረው ኮርድ ሳይደረድር ነው። ከቅኝቱ መውጣት ክልክል ነው ማለቴ አይደለም፤ ሙላቱ አስታጥቄ የአገራችንን ቅኝቶች ከጃዝ ኮርዶች ጋር አዋህደው የሠሩትን ዓለም ያውቀዋል። እርሳቸው ግን እያንዳንዱን ድምፅ መርጠው ነው ያስገቡት፤ እኛ ደግሞ ቁልፉ ስለተገኘ ብቻ እንጫነዋለን። የድምፅ ማቃኛ ፕሮግራሞችም እንዲሁ ናቸው፤ ቅኝታቸው ሜጀር ላይ እንዳለ ከተተወ አንቺሆዬን የሚያዜም ድምፅ እየጎተቱ ወደማይሄድበት ይወስዱታል። ከተጠቀማችሁባቸው የዘፈናችሁን አምስት ድምፆች ብቻ ምረጡላቸው፣ ፍጥነታቸውንም ቀንሱ፤ አለዚያ የድምፅን ማርገብገብ እንደ ስሕተት ቆጥረው ይደልዙታል።

ስለ ክፍላችሁ ደግሞ እንነጋገር። የምንኖረው በመሃል ከተማ ነው። ወያላው «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላል፣ ግንባታ አለ፣ ጄኔሬተር አለ፣ ሌሊት ውሻ ይጮኻል፣ በክረምት ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው አያስወራም። በዚህ ላይ ብዙ ሰው የእንቁላል ካርቶን ግድግዳው ላይ ሲለጥፍ አያለሁ፤ ይህ ልፋት የሚያሳዝነኝ ምንም ስለማይጠቅም ነው። ከውጭ የሚመጣን ድምፅ የሚያግደው ክብደትና ቀዳዳ መድፈን ነው፤ ካርቶን ደግሞ ቀላል ወረቀት ነው። የበሩን ሥር በጨርቅ ማፈን፣ የመስኮቱን ክፍተት መድፈን፣ ጸጥ የሚልበትን ሰዓት ማወቅ ከመቶ ካርቶን ይበልጣል። እኔ ብዙውን ጊዜ ድምፅ የምቀርጸው ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ነው፤ በዚያ ሰዓት ጎረቤት ስለሚተኛ ከበሮና ባስን ለቀን ትቼ ክራርና የለሆሳስ ዜማን ለማታ አስቀምጣለሁ።

በክፍሉ ውስጥ የሚንገዋለለው ድምፅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እርሱን ቤት ውስጥ ባለን ነገር መቀነስ እንችላለን። ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት ፊቱን ብቻ በደንብ የሚሰማና ጀርባው የደነቆረ ማይክሮፎን ነው። ስለዚህ ጀርባውን ወደ መስኮቱ አዙሩት፤ እናንተ ፊታችሁን ወደ መስኮቱ አድርጋችሁ ቁሙ፤ ከኋላችሁ ደግሞ የታጠፈ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ስቀሉ፤ ምክንያቱም ማይክሮፎኑ ከእናንተ ጋር አብሮ የሚሰማው ከጀርባችሁ ያለውን ግድግዳ ነው። ጋቢው ግድግዳው ላይ ከሚለጠፍ ዐሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ቢሰቀል የበለጠ ይሠራል። ልብስ የሞላበት ቁም ሣጥን በሩ ተከፍቶ ከኋላችሁ ቢሆንም ጥሩ ነው። ከአፋችሁ እስከ ማይክሮፎኑ አንድ ስንዝር ያህል ይበቃል፤ በጣም ስትጠጉት ወፍራሙ ድምፅ ይጨምራል፣ ይህም ቀጭን ድምፅ ላለው ሰው ሊረዳ፣ ለሌላው ሊያጨቀይ ይችላል።

ወፍራሙን ድምፅ ጋቢ አይዘውም። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ 57 ኸርትዝ አካባቢ ያለው ድምፅ በሁለቱም አቅጣጫ በግድግዳዎቹ መካከል እየተመላለሰ ያብጣል። የባስ ጊታር ላ ክር 55 ኸርትዝ ላይ ስለሆነች፣ በእንዲህ ያለ ክፍል ላ በተመታች ቁጥር ቤቱ ይጓራል፤ ሌላ ቦታ ስትሰሙት ግን ያ ሁሉ ባስ የለም። በዚህ የተነሣ በራሳችን ክፍል በሰማነው ብቻ ባስን መቀነስ ወይም መጨመር አያዋጣም፤ በጆሮ ማዳመጫ፣ በታክሲ ውስጥ፣ በጓደኛ ቤት ቴፕ እየሰሙ ማመዛዘን ያስፈልጋል።

የቀሩትን ቴክኒካዊ ነገሮች ቶሎ ልለፋቸው። በ24 ቢት ቅረጹ፤ የድምፁ ከፍታ በጣም በጮኻችሁበት ቦታ እንኳ ከፕሮግራሙ መለኪያ ዜሮ በታች ከ12 እስከ 6 ዴሲቤል ላይ ቢቆይ በቂ ነው፤ ዜሮን አልፎ የተሰነጠቀ ድምፅ በኋላ አይጠገንም። ኮንዴንሰር ማይክሮፎን 48 ቮልት እንደሚፈልግ አትርሱ። የብሉቱዝ ጆሮ ማዳመጫ ድምፁን ብዙ ጊዜ ከመቶ ሚሊሰከንድ በላይ ስለሚያዘገየው እየሰሙ ለመቅረጽ አይሆንም፤ ባለ ሽቦውን ተጠቀሙ። በመብራታችን 50 ኸርትዝ ምክንያት የሚመጣው «እምምም» የሚል ድምፅ ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ነቅላችሁ በባትሪ ስትሠሩ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ፕሮግራምን በተመለከተ ኦዳሲቲና ባንድላብ በነጻ ይገኛሉ፤ ሪፐር ስድሳ ቀን ያስሞክራል፤ ከተማችን ውስጥ ብዙ ሰው የሚያውቀው ኤፍኤል ስቱዲዮ ስለሆነ የሚጠየቅ ሰው በቅርብ ታገኛላችሁ። ሁሉም ለእኛ ሥራ ይበቃሉ።

በመጨረሻ የባለቤትነት ነገር ይነሣል፤ ጓደኛሞች በፍቅር ጀምረው በቅሬታ የሚለያዩት ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው። ድሮ የካሴት ሽፋን ላይ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር ተብሎ የሦስቱ ሰዎች ስም ለየብቻው ይጻፍ ነበር፤ ይህ መልካም ልማድ ነው፣ በቤት ሥራም ልንተወው አይገባም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ደራሲ ሥራውን እንደፈጠረ፣ ምንም ምዝገባ ሳያስፈልገው መብቱ ይጠበቅለታል፤ የገንዘብ መብቱም በሕይወት ዘመኑና ካለፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። አዝማች ያወጣላችሁ ጓደኛ ወይም ክራር የመታላችሁ ልጅ ካለ፣ ማን ምን እንደሠራ በዚያው ምሽት በአንድ ገጽ ላይ ጽፋችሁ ሁላችሁም ፈርሙ። ገንዘብ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ያኔ መጻፉ ይከብዳል።

ከዚሁ ወረቀት ጋር ቅኝቱን፣ መነሻ ድምፁን፣ ፍጥነቱንና ቀኑን መዝግቡ፤ ከዓመት በኋላ አንዲት ስንኝ ልታርሙ ስትከፍቱት ክራሩን በምን ቃኝታችሁት እንደነበር የሚነግራችሁ ይህ ብቻ ነው። ፕሮግራሞች ስለሚለዋወጡ እያንዳንዱን ትራክ ለየብቻው በዋቭ ፋይል አውጥታችሁ በሁለት ቦታ አስቀምጡ። በ48,000 ኸርትዝና በ24 ቢት የተቀረጸ አንድ ትራክ ለአንድ ደቂቃ ከ9 ሜጋባይት በታች ነው የሚይዘው፤ ዐሥር ትራክ ያለው የአራት ደቂቃ ዘፈን 350 ሜጋባይት አካባቢ ይሆናል፣ ማንኛውም ፍላሽ ዲስክ ይሸከመዋል።

ጥያቄ ያላችሁ ጥያቄያችሁን ያዙልኝ፤ አስቀድመን ክራር ይዛችሁ የመጣችሁ ወደ ፊት ቅረቡና ማይክሮፎኑን የት እንደምናስቀምጠው እዚሁ በተግባር እንይ።